ስለ ሕፃናት የእንባ ቦይ መዘጋት

በመተማ ዮሐንስ ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር

ክቡራን መምህራን፤ ክቡራን የአገር ሽማግሎች፤

በትምህርት ቤት ልጆችን ስናስተምር ይህች ከተማ ስለ ምን መተማ ዮሐንስ ተብላ እንደ ተጠራች፥ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም በ1881 ዓ.ም. ለአገራቸው ሲዋጉ በዚህ ምድር እንደ ወደቁ እንነግራቸዋለን። ልጁ ግን ይህን ታሪክ የሚያነበው በዓይኑ ነው። የዓይን ጥበቃም ፊደል ለመቍጠር ከመጣበት ቀን በፊት፥ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ ይዠምራል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ገና ወደ ትምህርት ቤት ስላልመጡት ስለ ሕፃናቱ ነው።

ጕዳዩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ሕፃን ከተወለደ ጥቂት ሳምንት ሲኾነው አንደኛው ዓይኑ፥ አንዳንድ ጊዜም ኹለቱም፥ ሳያለቅስ እንባ ያቀርራል። እንባው በጕንጩ ይወርዳል፤ ጧት ሲነቃም ሽፋሽፍቱ በዓይናር ተጣብቆ ይገኛል። እናቱ ትደነግጣለች፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ምች ነው ይላል፤ አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ሌላው ምላጭ ያመጣል። በዚያች ሰዓት እውነቱን የሚያውቅ፥ ቃሉም የሚሰማለት አንድ ሰው በመካከላቸው ቢገኝ ሕፃኑ ከጕዳት ይድናል። ያ ሰው እናንተ ትኾኑ ዘንድ ይህን ንግግር አዘጋጀኹ። እኔ ጸሐፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለኹም፤ የምነግራችሁም ሐኪሞች መርምረው ያረጋገጡትን ነው።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። የሕፃን ዓይን ሳያለቅስ ማንባቱ አብዛኛውን ጊዜ የእንባው ቦይ ገና ስላልተከፈተ ነው፤ ይህም በንጹሕ ጣትና በትዕግሥት አንድ ዓመት ሳይሞላው ይድናል። ትዕግሥቱን ግን የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልጋል።

እንባ ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደሚኼድ

እንባ የሚመነጨው ከዓይን በላይ በውጭ በኩል፥ ከቅንድብ አጥንት ሥር ከተሰወረች ዕጢ ነው። ሰው ባያለቅስም እንባ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ይፈሳል፤ የዓይን ቆብ በተከደነና በተገለጠ ቍጥር ዓይንን ያጥባል፥ ያርሳል፥ ትቢያውንም ይጠርጋል። ከዚህ በኋላ በአፍንጫ በኩል ወዳለው የዓይን ማዕዘን ይደርሳል። በዚያም በላይኛውና በታችኛው ቆብ ጫፍ ላይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ኹለት ቀዳዳዎች አሉ። የታችኛውን ቆብ ጥቂት ገለበጥ አድርጎ በመስተዋት የተመለከተ ሰው አንደኛዋን ያገኛታል። እንባው በእነዚህ ገብቶ በቀጭን መስመር ወደ እንባ ከረጢት ይወርዳል፤ ከረጢቱም በዓይንና በአፍንጫ መካከል ባለው በአጥንቱ ጕድጓድ ውስጥ ነው። ከከረጢቱ በታች የእንባው ቦይ ይዠምርና በአጥንት መካከል አልፎ በአፍንጫ ውስጥ ይከፈታል።

ይህ እውነት መኾኑን ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም። ሰው ሲያለቅስ አፍንጫው የሚፈሰው በዚህ ቦይ ምክንያት ነው። በዓይኑ መራራ መድኃኒት ያደረገ ሰውም ጥቂት ቈይቶ ምሬቱን በጕሮሮው ይቀምሰዋል።

ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ይህ ቦይ ጥቂት በጥቂት እየተቦረቦረ ይሠራል፤ ከኹሉ በኋላ የሚከፈተውም በአፍንጫ ውስጥ ያለው የታችኛው አፉ ነው። የብዕር መቃ የቈረጠ ሰው ነገሩን በቶሎ ያስተውለዋል። መቃ ውስጡ ባዶ ኾኖ ሳለ በአንጓው ላይ ስስ ግድግዳ አለበት፤ ያ ግድግዳ ካልተበሳ ነፋስም ቀለምም አያልፍበትም። እንደዚሁ በአንዳንድ ሕፃን ቦይ ጫፍ ላይ አንድ ስስ ገለፈት ሳይቀደድ ይቀራል። እንባው መውረጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በጕንጭ ይፈሳል። በከረጢቱ ውስጥ የቈመው ደግሞ እንደ ቈመ ውሃ ኹሉ ይበላሻል፤ ዓይናር የሚበዛውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህ የማንም ርግማን አይደለም። እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ስላየችው ወይም ስለ በላችው ነገር የመጣም አይደለም። ሐኪሞች እንደሚሉት ከ100 ሕፃናት ከ5 እስከ 20 በሚኾኑት ላይ ይህ ነገር በመላው ዓለም ይታያል። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ቦዩ እስኪከፈት ድረስ ይበልጥ ሊዘገይ ይችላል።

የቦይ መዘጋት ከሌላ የዓይን በሽታ የሚለይበት

እንባ የሚያፈስ ዓይን ኹሉ ቦዩ ተዘግቷል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሕፃኑን ስታዩ በቅድሚያ አራት ጥያቄ ጠይቁ፤ መምህራንም በሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ለተማሪዎች ብታስጠኗቸው ተማሪዎቹ በየቤታቸው ለእናቶቻቸው ይነግራሉ።

1ኛ፤ የዓይኑ ነጭ ነጭ እንደ ኾነ ነውን? ወይስ ቀልቷል?

2ኛ፤ የዓይኑ ጥቍር የጠራና የሚያበራ ነውን? ወይስ ደመና መስሎታል?

3ኛ፤ ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ ብርሃን ያያልን? ወይስ ከብርሃን ሸሽቶ ይጨፍናል?

4ኛ፤ በዓይንና በአፍንጫ መካከል ያለው ሥጋ ለስላሳ ነውን? ወይስ አብጧል፥ ቀልቷል፥ ይተኵሳል?

ነጩ ነጭ፥ ጥቍሩ የጠራ፥ ሕፃኑ ብርሃን የማይፈራ፥ ማዕዘኑም ያላበጠ ከኾነ፥ ጡቱንም በደኅና ከጠባ፥ በዓይኑ ያለው እንባና ጥቂት ዓይናር ብቻ እንደ ኾነ፥ ነገሩ የቦይ መዘጋት ሳይኾን አይቀርም። ኾኖም በተገኘው ቀን በቀበሌው ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታየው ዘንድ ይገባል። ይህ የጤና ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተዠመረ ወዲህ በየቀበሌው ተስፋፍቷልና እናቶች ሊጠቀሙበት ይገባል።

ከአራቱ አንዱ እንኳ ክፉ ምልክት ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ስለዚያ ወደ ኋላ እናገራለኹ።

ስለ ማሸት

ሕክምናው የእናት ጣት ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1923 ክሪግለር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የእንባውን ከረጢት በጣት ተጭኖ በውስጡ ያለውን እንባ ወደ ታች በመግፋት ገለፈቱን መክፈት እንደሚቻል ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ያሉ ሐኪሞች ይህንኑ ለእናቶች ያስተምራሉ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

በመዠመሪያ እናቲቱ ጥፍሯን ታሳጥር፤ እጇንም በውሃና በሳሙና በደንብ ትታጠብ። ቀጥሎ ውሃ አፍልታ በተከደነ ዕቃ ታቀዝቅዝ፤ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅም ታዘጋጅ። ሕፃኑ ጠብቶ ጸጥ ባለ ጊዜ በጭኗ ላይ ታስተኛው።

ከዚህ በኋላ የጣቷን ጫፍ በዓይኑ የውስጥ ማዕዘንና በአፍንጫው ሥር መካከል ታኑር። በዓይኑ ብሌን ላይ ፈጽሞ አትጫን። በዚያ ስፍራ ጠበቅ አድርጋ ተጭና ጣቷን ሳታነሣ በአፍንጫው ጐን ወደ ታች ወደ አፍንጫው ክንፍ ትሳበው። አጫጫኗ ቈዳን ብቻ ከመዳበስ የበለጠ፥ ሕፃኑን ከማሳመም ያነሰ ይኹን። እንዲህ እያደረገች ከ5 እስከ 10 ጊዜ ትመላልስ። ይህንም በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ ታድርግ።

በምታሽበት ጊዜ ከዓይኑ ማዕዘን ዓይናር ብቅ ቢል አትደንግጥ፤ በከረጢቱ ውስጥ ቈሞ የነበረው እየወጣ ነው። በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ትጥረገው። ለአንዱ ዓይን የተያዘው ጨርቅ ለኹለተኛው አይኹን፤ የተያዘበትም ጨርቅ ታጥቦ በፀሐይ ሳይደርቅ ዳግመኛ አይያዝ።

በሰሊጥ ዐጨዳ ጊዜ፥ በመስከረምና በጥቅምት፥ ብዙ እናቶች ሕፃናቸውን አዝለው ከመንደር ርቀው በእርሻ ዳስ እንደሚሰነብቱ ኹላችን እናውቃለን። በዚያ ውሃ ይጠባል፤ ሙቀቱና ዝንቡም ይበረታል። ቢኾንም አንድ ትንሽ ጀበና የፈላ ውሃና አንድ ንጹሕ ጨርቅ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ውሃው ለኹሉ የማይበቃ ከኾነ አስቀድሞ የእናቲቱ እጅና የሕፃኑ ፊት ይታጠብበት።

ስለ ዓይን ቅባትም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓይናሩ እንደ መግል ወፍሮ ቢበዛ የጤና ባለሙያ ቴትራሳይክሊን የሚባለውን ወይም ሌላ የዓይን ቅባት ሊያዝ ይችላል። ቅባቱ መግሉን ያጠፋል እንጂ ቦዩን አይከፍትም። ስለዚህ ቅባት በቆመ ጊዜ እንባው ቢመለስ መድኃኒቱ ከሸፈ ብሎ ከገበያ ሌላ እየገዙ መጨመር አይገባም። በተለይ ዓይነቱ ያልታወቀ ጠብታ በሕፃን ዓይን ማድረግ ክፉ ነው፤ ከጠብታዎች መካከል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲደረጉ ዓይንን የሚያጠፉ አሉና።

ስለ ምላጭና ስለ ኩል

አሁን ወደ ከበደው ነገር ደርሰናል። በአገራችን በብዙ ስፍራ የሕፃን ዓይን ሲያነባ ቅንድቡን በምላጭ የመብጣት ልማድ አለ። ክፉ ደም ይወጣል፥ ዓይኑም ይጠራል ይባላል። ከተበጣ ከጥቂት ወራት በኋላም ዓይኑ በእውነት ይጠራል። ሰዎች ምላጩን የሚያምኑት ይህን በዓይናቸው ስላዩ ነው፤ ስለዚህም ሞኞች ናቸው ተብለው ሊነቀፉ አይገባም።

ነገር ግን አስተውሉ። ከ10 ሕፃናት 9ኙ ያህል ማንም ምንም ሳያደርግላቸው አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ቦያቸው ተከፍቶ ይድናል። ስለዚህ ቅንድብ የሚበጣ ሰው ከ10 ሕፃናት 9ኙን የፈወሰ ይመስለዋል። ዶሮ ጮኾ ይነጋል፤ ፀሐይን ያወጣት ግን ዶሮው አይደለም። የእንባው መንገድ በአፍንጫ በኩል መኾኑን ከዚህ በላይ አይተናል፤ ቅንድብ ከዚያ ቦይ ጋራ ምንም መገናኛ የለውም። ምላጩ የሚያተርፈው ጠባሳ ነው፤ ከዚያም የከፋ መንጋጋ ቈልፍ የሚባለውን ገዳይ በሽታ፥ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ሲተላለፍም በደም የሚመጣውን ኤች አይ ቪንና የጕበት በሽታን ሊያመጣ ይችላል።

አንድ አስተዋይ ሽማግሌ፥ «እንዲህ ከኾነ ማሸቱስ ያው እንደ ምላጩ ጊዜ የሠራውን ምስጋና የሚወስድ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይኾናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ብዙው ሕፃን ሳይታሽም ይድናል። ማሸት ግን የቈመውን መግል ከከረጢቱ ያስወጣል፤ ገለፈቱንም ይገፋል። በንጹሕ እጅና በአግባቡ ከተደረገ አይጐዳም፤ ዋጋም አያስከፍልም። በተጨማሪም እናቲቱ እጇን አጣጥፋ እንዳትቀመጥ የምትሠራው ሥራ ይሰጣታል፤ ሥራ ያላት እናት ደግሞ ለምላጭ አትቸኵልም።

ከምላጭ ቀጥሎ ኩል ነው። ለውበትም ለመድኃኒትም ተብሎ ሕፃን ይኳላል። በገበያ ከሚሸጠው ኩል ብዙው እርሳስ የሚባለው ከባድ ማዕድን አለበት፤ ይህም ወደ ሰውነት ሲገባ የሕፃንን አእምሮ ይጐዳል። ነገ በትምህርት ቤት ነገር አልገባው ያለውን ልጅ መምህሩ ይቈጣዋል፤ ጕዳቱ ግን በጨቅላነቱ የዠመረ ሊኾን ይችላል። የቅጠል ጭማቂም የዓይንን ጥቍር ያቈስላል። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን የሚኾነው ምግብ ነው፤ በዓይን ዳር ሲደርቅ ግን ዝንብ ይጠራል።

የተማረ ሽማግሌ ከመጽሐፈ ጦቢት የዓሣውን ሐሞት ጠቅሶ በዓይን መድኃኒት ማድረግ የቈየ ነው ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ጦቢያ ግን የአባቱን ዓይን በሐሞት የኳለው መልአክ አዝዞት ነው። እኛ መልአክ ሳያዘን በሕፃን ዓይን ይህን ያን ልንጨምር አይገባንም። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን ስለ ማክበር ያስተምራል።

የውጭ አገር ሰዎችም በዚህ ነገር ከእኛ የተሻሉ ኾነው አልተፈጠሩም። በጥንት ዘመን የሮምና የግሪክ ባለ መድኃኒቶች ያበጠውን የእንባ ከረጢት በጋለ ብረት ይተኵሱ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1713 ገደማ ዶሚኒክ አኔል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በጣም ቀጭን ብረት በእንባው መስመር አሳልፎ፥ በትንሽ መርፌም ውሃ ሰድዶ ቦዩን ማጽዳት ዠመረ። ከዚያ በኋላ መተኰሱ እየቀረ ኼደ። የቀድሞ ልማዳቸውን የተሻለ ባዩ ጊዜ መተዋቸው አላሳፈራቸውም፤ እኛንም ሊያሳፍረን አይገባም።

ፈጥኖ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት

እስካሁን ታገሡ ብያለኹ። አሁን መታገሥ የማይገባበትን እናገራለኹ፤ ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት።

1ኛ፤ ሕፃኑ ከተወለደ አንድ ወር ሳይሞላው ኹለቱም ወይም አንዱ ዓይኑ ቢያብጥና ብዙ መግል ቢያፈስ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይኺድ። ይህ በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የሚተላለፍ በሽታ ሊኾን ይችላል፤ የከፋው ዓይነትም በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይን ያጠፋል። ሕፃን እንደ ተወለደ በዓይኑ ቅባት የሚደረግለት ይህን ለመከላከል ነው። ስለዚህ በቤት የተወለደ ሕፃን ይህን ቅባት እንዲያገኝ በቶሎ ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ።

2ኛ፤ በዓይንና በአፍንጫ መካከል ያለው ስፍራ ቢቀላ፥ ቢያብጥ፥ ቢተኵስ፥ ሕፃኑም ትኵሳት ቢይዘው ከረጢቱ መግል ቋጥሯል። በዚህ ጊዜ ማሸት ፈጽሞ አይገባም፤ መግሉ ወደ ዓይን ጕድጓድ እንዳይዛመት ፈጥኖ መድኃኒት ያስፈልገዋል። በቈላችን ትኵሳት ሲመጣ ኹሉን ለወባ እንሰጣለን፤ ስለዚህ ትኵሳት ያለበትን ሕፃን ማዕዘነ ዓይኑንም ተመልከቱ።

3ኛ፤ ሕፃኑ ሲወለድ ዠምሮ በዚያው ስፍራ ሰማያዊ የመሰለ እብጠት ቢኖረውና ሲጠባ ትንፋሽ ቢያጥረው እብጠቱ በአፍንጫው ውስጥም ሊኖር ይችላል። ጨቅላ ሕፃን በአፍንጫው የሚተነፍስ ስለ ኾነ ይህ ለሕይወቱ ያሰጋል።

4ኛ፤ ሕፃኑ ብርሃን ቢሸሽ፥ ዓይኑ ከልክ በላይ ትልቅ ቢመስል፥ ጥቍሩም ደመና ቢለብስ፥ በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ሊኾን ይችላል። ይህ ሳይታከም ከቈየ ዕውር ያደርጋል። ሰዎች ትልቅ ዓይን ውበት ነው ብለው ሲደሰቱ ጊዜው እንዳያልፍ።

5ኛ፤ በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ቢታይ፥ ወይም ዓይኑ ቢቈስል ወይም ባዕድ ነገር ቢገባበት፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በእነዚህ ነገሮች ጸሎት አይከለከልም፤ የጠበሉም የዱዓውም በረከት ከሐኪም ቤት ጋራ አይጣላም። ነገር ግን የአደጋ ምልክት የታየበት ሕፃን በሌላ ስፍራ ሲጠብቅ ቀን እንዳያልፍበት ካህናቱም ሼኮቹም ለምእመናን ቢነግሩ ትልቅ ጽድቅ ነው።

ዓይኑ በቀላበትና ዝንብ በሚሰፍርበት ትልልቅ ልጅ ላይ ደግሞ የዓይን ማዝ፥ ማለት ትራኮማ፥ ይጠረጠር። የአማራ ክልል ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው የዓለም ስፍራዎች አንዱ እንደ ኾነ የታወቀ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም በየመንደሩ አዚትሮማይሲን የሚባል መድኃኒት ታድሏል። እንባና ዓይናር የማይለየው ሕፃን ፊቱ ካልታጠበ ዝንብ ይስባል፤ ዝንቡም የወንድሙን በሽታ ያመጣለታል። ስለዚህ ቦዩ እስኪከፈት ድረስ ፊቱን በየጊዜው ማጠብ ኹለት ጥቅም አለው።

አንድ ዓመት ቢሞላውስ?

ሕፃኑ አንድ ዓመት ሞልቶት እንባው ካልቆመ ወደ ዓይን ሐኪም ይወሰድ። ሐኪሙ በማደንዘዣ ጸጥ አድርጎ ጫፉ ያልሾለ ቀጭን ብረት በዓይኑ ማዕዘን ባለችው ቀዳዳ አስገብቶ ገለፈቱን ይከፍታል። ሥራው ራሱ የጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚበጣ ቈዳ የለም፤ ጠባሳም አይቀርም። ከአራት ልጆች ሦስቱ ያህሉ በአንድ ጊዜ ይድናሉ። ላልዳነው ይደገምለታል፤ ወይም በቦዩ ውስጥ ለስላሳ ቀጭን ቱቦ ለጥቂት ወራት ይቀመጥለታል። ልጁ ከፍ ካለ በኋላም ቢኾን ሕክምና አለው፤ ስለዚህ ዘግይተናል ብሎ መቅረት አይገባም።

ለእኛ የዓይን ሐኪም የሚገኝበት ትልቁ ስፍራ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የመንገዱም ችግር ብዙ ነው። የማይገባውን ሰው ገንዘቡን አስጨርሶ መስደድ በደል ነው፤ የሚገባውንም ማስቀረት ከዚያ የባሰ በደል ነው። የዛሬውን ትምህርት ያስፈለገበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። የአራት ወር ሕፃን ዓይኑ ነጭ ኾኖ የሚያነባ እንደ ኾነ በቤቱ ይታሽ፤ ጎንደር መኼድ አያሻውም። የአደጋ ምልክት ያለበት ግን ላሙ ተሽጣም ቢኾን በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ዠምሮ እስከ ሆስፒታሉ ይድረስ።

የመምህራንና የሽማግሎች ድርሻ

ይህን ኹሉ ለሐኪም ትቼ ለእናንተ ስለ ምን እንደ ተናገርኹ አሁን ልግለጥ። ጤና ኬላ የምትሠራዋ ልጅ ለወጣቷ እናት፥ «እሽው፥ ታገሺ፥ ምላጭ አታስነኪው» ብላ ትነግራታለች። እናቲቱም ትቀበላለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን አማቷ፥ «ልጄ፥ ያንቺንም ባል እንዲሁ አስበጥቼ ነው ያሳደግኹት» ይሏታል። የ19 ዓመት ምራት በአማቷ ፊት ምን ትላለች? ዝም ትላለች። ሕፃኑም ይበጣል። አማቲቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የልጅ ልጃቸውን ስለሚወዱ ያደረጉት ነው።

ይህን ነገር ሊያስቆም የሚችል ሰው እኩያቸው ወይም ታላቃቸው የኾነ ሽማግሌ ነው። «እመቤቴ፥ ይህ ልጅ እስከ ልደቱ ቀን ጊዜ ይሰጠው፤ እኔ ኃላፊ ነኝ» የሚል አንድ የተከበረ ቃል ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። መታገሥን ያስተማሩን አባቶች ናቸውና የትዕግሥትን ሕክምና ሊጠብቁ የሚገባቸውም እነርሱ ናቸው።

መምህራን ደግሞ ኹለት ነገር ልታደርጉ ትችላላችሁ። አንደኛው አራቱን ጥያቄዎች ለተማሪዎች ማስጠናት ነው፤ በተለይ ታናናሾቻቸውን ለሚያዝሉ ልጃገረዶች። ኹለተኛው የሕፃኑን የልደት ቀን ማስጻፍ ነው። «አንድ ዓመት» ብለን የምንቈጥረው ቀኑ ከታወቀ ነውና፥ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ቀኑን በተማሪ ልጃቸው ደብተር ላይ ያስጽፉ።

ይህ ትምህርት ለአንድ ወገን ብቻ አይነገር። በዚህ ምድር አማራውም ጉሙዙም፥ ክርስቲያኑም እስላሙም አብረው ይኖራሉ፤ ለሥራ የመጣውም እንግዳ ብዙ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ተሰድደው ገብተዋል። ጤና ኬላው የት እንደ ኾነ የማታውቅ እንግዳ እናት ካያችሁ ዐረብኛ የሚችል ተማሪ ሰጥታችሁ አድርሷት። የእንባ ቦይ በኹሉም ሕፃን ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ክቡራን ሆይ፤ ምላጩ በቤት ግድግዳ ላይ እንደ ተሰካ ይቅር፤ ውሃው ይፍላ፤ እጅ ይታጠብ፤ የልደት ቀን ይጻፍ፤ የአደጋ ምልክት የታየበትም ያለ መዘግየት ይኺድ። ይህን ብናደርግ ከሰባት ዓመት በኋላ ልጁ በጠራ ዓይን፥ ቅንድቡም ሳይጠባሰስ በፊታችን ተቀምጦ ፊደሉን ይለያል።

አምላክ ሕፃናቱን ይጠብቅልን።